መርካቶ ለክፉ ቀን፦ የሚገዛውና የማይገዛው

ለቤተሰብ መጠባበቂያ ልግዛ ብሎ መርካቶ ለሚወርድ ሰው ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። በዓይን፣ በጥርስ፣ በአፍንጫና በጆሮ የሚፈተሽ ነገር ሁሉ እዚህ ከየትም ይሻላል፦ እህል፣ ማንደጃ፣ ጀሪካን፣ ዛላ በርበሬ። ውስጡ የማይታይ ነገር ግን፣ ፓወር ባንክ ይሁን በረኪና ወይም መድኃኒት፣ ቢረክስም እዚህ አይገዛም። ግምገማው አምስት ሰው ያለበትን ቤት ያሰበ ነው። ዝግጅቱም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ውሃና መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ፣ ሌላው ደመወዝ ለአንድ ሁለት ወር ቢቋረጥ። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅልና ለአንዱ የሚሆነውን ለሌላው ይገዛል። ዋጋ አልጻፍንም፤ የመርካቶ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም።

ከሁሉም እህል በረንዳ ይበልጣል። ደመወዝ ሲቋረጥ ቤት የሚያቆመው ጤፍ ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደርቆ ከገባ ዓመታት ይቆያል። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ግን በጥቂት ወራት ይነቅዛሉ። ስለዚህ በኩንታል የሚገዛው ጤፍ ብቻ ነው፤ ጥራጥሬው ከሁለት ወር ፍጆታ አይለፍ። በቀን 10 እንጀራ የሚበላ ቤት እንደ እንጀራው ስፋት 2 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይፈጃል፤ አንድ ኩንታል 50 ቀን ያህል ይሄዳል ማለት ነው።

ጤፍ የሚታጨደው በአብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ተወቅቶ ወደ ከተማ በብዛት የሚገባው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ጥርና የካቲት ለገዢ ይመቻሉ። ክረምት ላይ የሚገዛ ሰው የአሮጌውን ምርት ጭላጭ በውድ ዋጋ ይገዛል። እቁብ ያለው ሰው ዕጣው ጥር ላይ እንዲደርሰው ከዳኛው ጋር ወይም ከሌላ እቁብተኛ ጋር ተነጋግሮ ቢቀያየር ከብዙ ምክር የበለጠ ይጠቅመዋል።

ነጋዴው «እናቴ፣ የአዳ ማኛ ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ» ሲል ዓይን በደንብ የሚከፈተው ያኔ ነው። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አትዩ፤ እጅን እስከ ክርን አስገብቶ ከሥር መዝገን ነው። ደረቅ እህል ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበት ያለው ግን ታምቆ ይግላል፣ ሽታውም የታፈነ ቤት ሽታ ነው። የዘገናችሁትን በመዳፍ አሹና እፍ በሉ፤ ገለባና አፈር ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ይታያል። ከዚያ ቆንጠር አድርጎ ማኘክ ነው። አሸዋ ካለ ጥርስ ይነግራችኋል፤ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከመሰበር ይልቅ ይላቁጣል። ማኛ ለመጠባበቂያ መግዛት፣ ለእንግዳ ታስቦ ካልሆነ በቀር፣ ገንዘብ መበተን ነው፤ ሰርገኛ ወይም ቀይ ጤፍ ያንኑ ሆድ በትንሽ ገንዘብ ይሞላል።

ሚዛን ላይ አትከራከሩ። ያልተከፈተ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱና መጀመሪያ እሱን አስመዝኑ። ከ2 ኪሎ በጥቂት ግራም ቢበልጥ የጠርሙሱ ነው፤ በሰፊው ከበለጠ ሚዛኑ ከፍ አድርጎ ያነባል ማለት ነውና ሰላምታ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው በረንዳ ማለፍ ነው።

አሁን ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ጤፍ መብራት ለጠፋበት ቀን አይሆንም። ፍሬው ወፍጮ ይፈልጋል፣ ወፍጮ ቤቱም የሚሠራው በመብራት ነው። ዱቄት ቢኖር እንኳ ቤት ያለው ምጣድ የኤሌክትሪክ ነው። ኩንታል ጤፍ ያለው ቤት በሦስት ቀን የመብራት መጥፋት ዳቦ ቤት ሊሰለፍ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ቀን እሳት የማይፈልግ ምግብ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ አያቶቻችን ለመንገደኛ ስንቅ ብለው ጨርሰውታል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ።

ከእነዚህ ዋናው በሶ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 300 ግራም ብንል ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን አራት ኪሎ ተኩል ይመጣል፤ 5 ኪሎ ያዙ። በጥቂት ውሃና ጨው ጭብጦ ይሆናል፤ ለልጅና ለአዛውንት በስኳር ወይም በማር ቀጥኖ ይጠጣል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ተፈጭቶ የሚሸጠውን አንመክርም፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ግድ ከሆነ ጥቂት ምላስ ላይ አድርጉ፤ ጥሩ በሶ የተቆላ ገብስ ጣዕሙ ወዲያው ይመጣል፣ ጥሬ ዱቄት የገባበት ግን ላንቃ ላይ ይለጠፋል። የሚሻለው የተፈተገ ገብስ ከእህል በረንዳ ገዝቶ ቤት ቆልቶ ማስፈጨት ነው። ሲቆላ እኩል ይቅላ፤ የከሰለው ይመርራል፣ ያልበሰለው ሆድ ይነፋል። በጣም የሚበላሸው ከወፍጮ በኋላ ነው። ዱቄቱ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው፤ እንደወጣ ባልዲ ውስጥ ከተከደነ ያልባል፣ ይቋጠራል፣ ከዚያ ይሻግታል። ሰፊ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ከዚያ ክዳኑ የሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ መክተት ነው።

ለእሳቱ ምግብ ሽሮና ምስር ክክ ይቀድማሉ። ባቄላና ሽምብራ በከሰል ላይ ከሰዓት በላይ ስለሚፈልጉ ከሰሉ ከምግቡ ይበልጣል። በርበሬ ዛላውን ግዙ፤ ሲነቀነቅ ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት። ሳይንኳኳ የሚተጣጠፍ ከሆነ እርጥብ ነው፤ ሚዛን ላይ ይከብዳል፣ ቤት ደግሞ ይሻግታል።

ከእህል በረንዳ ወደ ምናለሽ ተራ። እዚህ ማንደጃና ጀሪካን በደንብ ይገኛል፤ ዓይን ግን ይጠይቃል። ተራው የቆርቆሮ ማንደጃ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከሰረገደ ክረምቱን አይዘልቅም። ላቀች የሚባለው፣ ውስጡ ሸክላ የሆነው፣ ሙቀት ስለሚይዝ ከሰል ይቆጥባል፤ ለመጠባበቂያ እሱ ይሻላል። ሸክላውን በጥፍር መታ መታ አድርጉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፣ ድፍን ድምፅ ካለው ተሰንጥቋል። ሸክላውና ቆርቆሮው መካከል የሚነቃነቅ ነገር ካለ ተዉት። አዲሱን ላቀች መጀመሪያ በጥቂት ከሰል ቀስ አድርጎ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ እሳት የሞላበት ሰው ሸክላውን ይሰነጥቃል፣ ከዚያ ሻጩን ይረግማል። ሽሮ ለአምስት ሰው ለመሥራት ግማሽ ኪሎ ገደማ ከሰል ከበቃ፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ለሦስት ቀን ከበቂ በላይ ነው። ማዳበሪያውን ሥሩን ዳብሱት፤ ብናኝ ከሆነ ግማሹን የምትገዙት አመድ ነው።

ከሰል በተዘጋ ክፍል አይነድም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ በረንዳ ላይ፣ በሩ ወደ ቤት ሳይከፈት። ምግቡ ካለቀ በኋላ ፍሙን ለሐምሌ ብርድ ብሎ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ሰው ይገድላል፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭሱ ስለጠፋ አደጋው አልጠፋም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሁሉንም ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያ 939 ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ነው።

ጀሪካኑ ላይ ምናለሽ ተራን በግማሽ ልብ ነው የምናመሰግነው። ያገለገለ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን የምግብ ዘይት የነበረበት ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ታጥቦ ለመጠጥ ይሆናል። ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበት ግን ምንም ቢታጠብ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ሽታውን ጠጥቶታል። መለያው ቀላል ነው፦ ክዳኑን ገጥሞ ጥቂት ፀሐይ ላይ ማቆየት፣ ከዚያ ከፍቶ ማሽተት። የዘይት ሽታ ይታጠባል፣ ሌላ ሽታ ከወጣ ገበያው አለቀ። ከሥሩ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያለበትን ምረጡ። ሰማያዊ በርሜል ርካሽ ሆኖ ብታዩትም ምን እንደነበረበት የሚናገር ወረቀት ስለሌለው ለመጸዳጃ ውሃ እንጂ ለመጠጥ አትግዙት። ቤት ስትደርሱ ጀሪካኑን ሞልታችሁ በጎን አጋድሙት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ከክዳኑ ጎማ ነው።

ስንት ይበቃል? ለመጠጥና ለምግብ በሰው 5 ሊትር ብናስብ አምስት ሰው በሦስት ቀን 75 ሊትር ይፈልጋል፤ አራት ጀሪካን ነው። ቤት ውስጥ ሽማግሌ ወይም ልጅ ብቻውን የሚሆንበት ሰዓት ካለ ሁለቱን በአራት ባለ 10 ሊትር ተኩ፤ ሙሉው ባለ 20 ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ብቻውን የሚያነሳው የለም። ውሃው ከላምባና ከቀለም አጠገብ አይቀመጥ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰፈር ደግሞ የቆየውን አስቀድሞ መጠቀም፣ አዲሱን ከኋላ መደርደር ብቻ ይበቃዋል።

ውሃ ማከሚያ እንግዲህ ከመርካቶ የማይገዛው ነው። ሽታ የሌለውና በመቶ 5 ክሎሪን ያለው በረኪና ቢገኝ ለጠራ ውሃ በሊትር 2 ጠብታ፣ ለአንድ ጀሪካን 40 ጠብታ፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ በቂ ነው። ነገር ግን በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠው በረኪና ጥንካሬው አይታወቅም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ደግሞ ኃይሉ ይደክማል። ውሃ አጋር ወይም የማከሚያ ክኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው መጠቀም ነው። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦ አር ኤስም ከዚያው ይገዛል፤ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፣ በብርጭቆ አይደለም።

መብራት ላይ መርካቶን ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጥተነዋል። መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጌጥ ነው። እውነተኛ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ሩብ ኪሎ እንኳ ሳይመዝን አይቀርም፤ 50,000 ተጽፎበት እንደ ላባ የቀለለውን ገዝቶ መናደድ የገዢው ጥፋት ነው። እውነተኛው እንኳ ባለ 5,000 ስልክን የሚሞላው ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ነው፤ በመሐል የሚባክን ኃይል አለ። ፀሐይ የሚሞላውን መብራት ስትገዙ ደጅ አውጥታችሁ ፓነሉን በመዳፍ ሸፍኑት፤ የመሙያ ምልክቱ መብራት ካልጠፋ ምልክቱ የሚበራው ለማታለል ነው። ዋስትና በጽሑፍ ከሚሰጥ ሱቅ ግዙ። ትልቁ የእጅ ባትሪ፣ ውስጡ እርሳስ ያለው፣ ሳይሞላ ለወራት ከተቀመጠ ይሞታል፤ በየወሩ ይሞላ። ሬዲዮና ትንሽ ባትሪ በድንጋይ የሚሠሩ ይሁኑ፤ ድንጋዩ ግን ተነቅሎ ለብቻው ይቀመጥ፣ ውስጡ ከቆየ አልቅሶ ያበላሸዋል።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር የለም፣ ኤቲኤምም የለም፤ ለሳምንት ታክሲ፣ ዳቦና መድኃኒት የሚሆን ብር በባለ 10ና በባለ 50 ተከፋፍሎ ቤት ይኑር። ዕድር ላይ ተመክቶ ይህን የሚተው ሰው አለ፤ ዕድር በዋናነት ለሐዘን ነው፣ ለሥራ ማጣት የሚከፍል ዕድር ጥቂት ነው። በስልክ ብድር ጤፍ መግዛት ደግሞ ለአንዱ ችግር ሌላ ችግር መጨመር ነው።

መርካቶ እሑድ አብዛኛው ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ደግሞ መተንፈሻ የለውም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ኑ። ለወዛደር ከመጫኑ በፊት «ወንድም፣ እስከ መኪናው ነው ወይስ እስከ ቤት?» ብላችሁ ተስማሙ፤ ጭቅጭቁ ሁልጊዜ የሚነሳው ደረጃው ሥር ነው። አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ኩንታሉን እዚያው በረንዳው ላይ በ25 ኪሎ አስከፋፍሉ፤ ለተሸካሚውም ለእናንተም ይቀላል። ቤት ስትገቡ ወለሉ ላይ እንጨት ዘርግታችሁ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ ደርድሩ፤ ግድግዳ የነካው ጆንያ ክረምት ላይ ከጎኑ ይረጥባል። የገባበትን ቀን ጆንያው ላይ ጻፉ፣ ካሉት አራት ጆንያዎች ሁለቱ ሲያልቁ ወደ እህል በረንዳ መመለስ ነው።