ለሱሉልታ ዝናብ ቀፎ ምን ይቀባ? ሦስቱን ሞክሬያለሁ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ፣ ዘጠኝ ቀፎ አለኝ። ሁሉም ዛንደር የሚባለው የፍሬም ቀፎ ነው፤ ንቦቹ እንጀራቸውን በሚወጣ የእንጨት ክፈፍ ላይ የሚሠሩበት ሣጥን ማለት ነው። አናጢዬ ከፈረንጅ ጽድ ነው የሠራልኝ። እንጨቱ ቀላልና ለሥራ የሚመች ነው፤ ግን ዝናብ አይወድም። እዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። የበጋው ፀሐይ ሳንቃውን ይሰነጥቀዋል፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ይገባል። ምን ልቀባው የሚለው ነገር እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው የከረመው።

በመጨረሻ ቀፎዎቼን ሦስት ሦስት አድርጌ ከፈልኳቸው። ለመጀመሪያዎቹ ዘይት ቀለም፣ ለሁለተኞቹ የውጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ ለቀሩት የተልባ ዘይት ከሰም ጋር። ሁለት ክረምት አልፎባቸዋል።

ዘይት ቀለሙን አልመክርም። ለበርና ለመስኮት የሚቀባው የሚያብረቀርቀው ነው። መጀመሪያ ሲያዩት ያምራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ አድንቆልኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ከመግቢያው በላይ ያለው ሳንቃ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ አገኘሁት። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ፈነዳና ውሃ በጣቴ ላይ ወረደ። ቀለሙን ስልጠው ከሥሩ እንጨቱ ጠቁሯል።

ውሃው ከዝናቡ የመጣ መስሎኝ ነበር። የመጣው ግን ከውስጥ ነው። ንቦች ይተነፍሳሉ፤ የአበባውን ወለላ አድርቀው ማር ሲያደርጉትም ብዙ እንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ በእንጨቱ በኩል ሊወጣ ሲል ዘይት ቀለሙ ይዘጋበታል። መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ያነሳዋል። አባቴ ባህላዊውን ቀፎ በእበትና በጭቃ ሲመርግ ትዝ አለኝ። ያ ምርጊት እርጥበት ያሳልፋል።

ፕላስቲክ ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ እንፋሎቱን ያን ያህል አያፍነውም። ሁለት ዙር ቀባሁት፣ በዚያው ቀን ደረቀ። ነጭ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ አያግለውም። ፊት ፊታቸውን ግን አንዱን ሰማያዊ፣ አንዱን ቢጫ አደረግኩ፤ ንብ እነዚህን ቀለሞች ለይታ ቤቷን ታውቅበታለች። ቀይ አይታያትምና በእሱ አትድከሙ። ከሁለት ክረምት በኋላ የተሰነጠቀው ማዕዘኑ ላይ ብቻ ነው፣ የሳንቃው ጫፍ ውሃ የሚመጠው እዚያ ነውና። ሃያና ሠላሳ ቀፎ ላለው ሰው ይሄ ይበቃዋል።

የእኔ ልብ ያለው ግን የተልባ ዘይቱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ግዢዬ አልቀናኝም። ንጹህ ተልባ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ዘይት ሦስት ሳምንት ሙሉ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር፣ አቧራ ሁሉ ተለጠፈበት። ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር አልገዛም። ጠብታ ወስጄ መስታወት ላይ በስሱ እቀባና መስኮት ሥር አስቀምጠዋለሁ። ንጹህ ተልባ ከሆነ በሳምንት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ቆዳ ያወጣል። ፓልም የተቀላቀለበት እንደወዛ ይቀራል። ቀለም ቤት ያለው፣ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ የተጨመረበት የተልባ ዘይት ደግሞ ለምግብ የሚሆን ማር አጠገብ ደስ አይለኝም። የምገዛው ከመጭመቂያ ቤት፣ ምንም ያልገባበትን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለአንድ ሊትር ዘይት 50 ግራም ያህል ሰም እጨምራለሁ። ሰሙ የራሴው ቀፎ ሰም ነው። ዘይቱን በድስት አድርጌ ድስቱን የፈላ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ ብዙ ሙቀት አይፈልግም። ሞቅ እንዳለ በጨርቅ እቀባዋለሁ፣ ማዕዘኑ ላይ ሦስት ጊዜ እመላለስበታለሁ። አንድ ሊትር ለሦስት ቀፎ፣ ሁለት ዙር በቃኝ።

አደራ፣ ጨርቁን ጠቅልላችሁ አትጣሉት። እኔ በፌስታል አድርጌ ጥግ ላይ ጥዬው፣ ከሰዓት በኋላ ሳነሳው እጄን ሞቀኝ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። አሁን ሽቦ ላይ ዘርግቼ ነው የማደርቀው።

ጉድለቱ በየዓመቱ መታደስ መፈለጉ ነው። ጥር ላይ፣ ደረቅና ፀሐያማ ሲሆን፣ ባዶ ቀፎ እቀባና ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ አቆየዋለሁ። ከዚያ ንቦቹን አዛውራለሁ። ንብ ያለበትን ቀፎ አልቀባም፣ ውስጡንም በምንም አልነካም። ውስጡን ራሳቸው በፕሮፖሊስ፣ ማለትም ከዛፍ ሙጫ በሚሠሩት ማጣበቂያ፣ ይለብጡታል።

ሰዎች ለምስጥ ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሳንቃው ላይ ሲቀቡ አያለሁ። እባካችሁ ተዉት፣ ሰም ያንን ሁሉ ይመጥጣል። ለጉንዳን ከሆነ የመቆሚያውን እግር ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

ባለፈው መስከረም፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ፣ በተልባ የቀባሁት ቀፎ ላይ ዝናብ ጣለ። ጠብታዎቹ ሳንቃው ላይ ክብ ክብ ሆነው ቆሙና ተንከባለው ወረዱ። እንጨቱ ከሥራቸው ደረቅ ነበር። ዘንድሮ ጥር ዘይት ቀለም የቀባኋቸውን ሦስቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ እነሱንም በተልባ እቀባለሁ።