ከፊልም ወደ ዲጂታል፦ ኒኮን ዲ7000 ደብረ ብርሃን ላይ ከ8 ወር በኋላ

ፊልም ልተው ወይስ ልቀጥል እያልኩ ሁለት ዓመት ተጉላልቻለሁ። የያዝኩት ኒኮን ኤፍኤም2 የተባለ የፊልም ካሜራ ነበር። ሹተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ያለ ባትሪ ይሠራል፤ ባትሪ የሚፈልገው ብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ለደብረ ብርሃን ብርድ ከሱ የሚሻል ካሜራ አላውቅም። የቸገረኝ ፊልሙን ማሳጠብ ነው። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አደራ እሰጥና ሳምንታት እጠብቃለሁ። አምና መንዝ ላይ ያነሳሁት የሠርግ ፊልም፣ 36ቱም፣ እጥበት ላይ ተበላሽቶ መጣልኝ። ለሙሽራዋ እናት ያንን መንገር ከብዶኝ ነበር። የዚያን ቀን ወሰንኩ።

ኅዳር ላይ ያገለገለ ኒኮን ዲ7000 ዲጂታል ካሜራ ገዛሁ። በፈረንጆች 2010 የወጣ፣ 16 ሜጋፒክስል ነው። እሱን የመረጥኩት የድሮው 50 ሚሊሜትር ሌንሴ ስለሚገጥምለትና ብርሃንም ስለሚለካለት ነው። እንደ ዲ3100 ያሉት ረከስ ያሉ ሞዴሎች ሌንሱን ይቀበላሉ፣ ብርሃን ግን አይለኩለትም። እዚህ ሜኑ ውስጥ ገብቶ የሌንሱን ቁጥር መሙላት ብቻ ነው። ሰንሰሩ (በፊልሙ ቦታ ብርሃን የሚቀበለው) ከፊልም ስለሚያንስ ግን 50ው እንደ 75 ሚሊሜትር ሌንስ ያቀርባል። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ግን ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍግም አይበቃም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ጥምቀት ላይ ነው። ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ትንሽ ቢበዛበት ይችላል። ዲጂታል ላይ ነጩ አንዴ ከተቃጠለ አለቀ፣ አይመለስም። የጥር ፀሐይ፣ ሕዝቡ በሙሉ ነጭ ለብሶ፣ እኔ ደግሞ በፊልም ልማዴ ብርሃኑን ጨመር እያደረግኩ ሳነሳ ቆይቼ ስክሪኑን ሳየው የሴቶቹ ነጠላ ባዶ ወረቀት መስሏል፤ ሽመናው የለም፣ እጥፋቱ የለም፣ የቀረው ጥለቱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ልብስ ካለ ብርሃኑን በ0.7 ዝቅ አድርጌ በራው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥ ፋይል) ነው የማነሳው። የጨለመው ጥላ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይፈካል። አሁን የነጠላው ክር ሳይቀር ይታያል።

ብርዱስ? ጓሳ ጭላዳ ለማንሳት ጎህ ሳይቀድ ስወጣ መለዋወጫ ባትሪዬን የውስጥ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ሌንሱ ላብ ስለሚይዝ ካሜራው እስኪሞቅ ከቦርሳ አላወጣውም። ሁለት የሜሞሪ ካርድ ቦታ አለው፤ ሠርግ ላይ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ። ከዚያ የመንዝ ፊልም በኋላ ለኔ ይሄ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል።

የወደድኩት የማታውን ነው። ጎረቤታችን እማማ ቡና ሲቀዱ በከሰሉ ፍምና በአንዲት አምፖል ብርሃን፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ላይ አነሳኋቸው። በአይኤስኦ 200 ፊልም አልሞክረውም ነበር። ስክሪኑን ሳሳያቸው አዩና «በል ስጠኛ ልጄ» አሉኝ። የሚሰጥ ነገር የለኝም! በፊልም ጊዜ ሁሉም ይታተም ነበር። አሁን 3,000 ፎቶ አለኝ፣ ያሳተምኩት 60 አይሞላም። ይህ የዲጂታል እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ለእማማ በማግስቱ አሳትሜ ወሰድኩላቸው።

አጠገብህ በደንብ የሚያጥብ ፎቶ ቤት ካለ ፊልምህን አትተው። እኔ ግን ለሥራ ወደ ኋላ አልመለስም። ኤፍኤም2ን አልሸጥኩትም። አንድ ጥቅል ፊልም ቀርቶኛል፤ ለመስቀል ቤተሰቡ ሲሰበሰብ አነሳበታለሁ።