የአያቴን ሳቅ ለመለሱልን የአራዳው ራዲዮ ጠጋኝ

ይህን የምጽፈው እዚህ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ዳር በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አባትን በአደባባይ ለማመስገን፣ በቤቱ አሮጌ ካሴት ያለው ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው እንዲሄድም ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለለመኑኝ አልጠቅስም፤ «ባለ ቴፑ» ብሎ የጠየቀ ግን አያጣቸውም።

ካሴቱ አጎቴ በ1983 ዓ.ም. ክረምት «አባባ፣ እስኪ የኖሩትን ይንገሩን» ብሎ ስድሳ ደቂቃ የቀዳው የአያቴ ድምፅ ነው። አያቴ በ1924 ዓ.ም. ተወልደው በ2016 ዓ.ም. ያረፉ፣ በልጅነታቸው በአታ አቋቋም የተማሩ፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጣልያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የአሥር ዓመት ልጅ የነበሩ ሰው ናቸው። ካደጉ በኋላ ደግሞ፣ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ካለቀ ወዲህ በከተማችን በተከፈተው የጤና ኮሌጅ በዘበኝነት ተቀጠሩ። ታላቅ እህታቸውን ንዳድ የቀጠፈባቸው እዚያው ደምቢያ ነበርና ተማሪዎቹን ለምነው አንድ ቀን የወባን ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ አዩት። «እህቴን የጣላት ይኼ ነው? እኔ እኮ ጅብ የሚያክል መስሎኝ ነበር» ሲሉ ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እርሳቸው ግን በማግስቱም ደግመው ሊያዩት መጡ። ሐምሌ 1961 ዓ.ም. ሰው ጨረቃን እንደረገጠ በራዲዮ ሲሰሙም፣ ጨረቃዋ በዚያ ሰሞን ገና ግማሽ ስላልሞላች፣ «ምነው እስክትሞላ ቢታገሡ? መቆሚያ አይጠባቸውም ነበር» ብለው ጎረቤቱን አስቀውታል።

የሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ይህ ሁሉ ያለበትን ካሴት አውጥተን ለማስጠገን ተነሣን፤ መከራችንም ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ የወሰድንበት ሱቅ ያለው ወጣት ካሴቱን አይቶ እንኳ ሳይጨርስ ማጫወቻ ውስጥ ከተተው፣ ክሩ ሲጠመጠምም በእጁ ጎትቶ በጠሰው። እናቴ ስትደነግጥ «ዛሬ ካሴት ማን ይሰማል? ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት» አላት። አያቴን ዩቲዩብ ላይ! ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለ ቤት ሲሆን፣ ቀብድ ተቀብሎ አራት ወር ሙሉ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲለን ከቆየ በኋላ ስልክ ማንሣቱንም ተወው። በዘመድ ብናስጠይቅ ካሴቱን ያለ ማኅደሩ በፌስታል ቋጥሮ «አይሆንም» ከሚል አንዲት ቃል ጋር መለሰልን። የቀብዱ ነገር እስከ ዛሬ አልተነሣም።

ባለ ቴፑ ግን ካሴቱን ገና ሳይነኩ በመጀመሪያ የጠየቁን «የማን ድምፅ ነው?» ብለው ነው። እናቴ «የአባቴ» ስትላቸው እጃቸውን ታጥበው መጡ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን እኔ አላውቀውም፤ ጥቃቅን ብሎኖች ተፈቱ፣ ክሩ ወደ ሌላ ካሴት ተዛወረ፣ ሁለት ቀንም ወሰደ። በሦስተኛው ቀን ስንሄድ ማጫወቻውን ከፈቱ፤ ጥቂት ሻሻታ፣ ከዚያ የአያቴ ሳል፣ ቀጥሎም «ይኼ ዕቃ አሁን እየሰማኝ ነው?» የሚለው ድምፃቸው ተሰማ። ሰውየው ወዲያው ቴፑን አቆሙና ወንበራቸውን ለእናቴ ለቀው፣ «መጀመሪያ መስማት ያለባት ልጅ ናት፤ እኔ በኋላ እደርሳለሁ» ብለው በሩን መለስ አድርገው ወጡ። ገበያተኛው በሚጋፋበት ሰዓት ደንበኞቻቸውን ደጅ እያስቆሙ ስድሳውን ደቂቃ ሙሉ ውጭ ቆዩልን። እናቴ ስታለቅስም ስትስቅም ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

የጠየቁን ዋጋ አራት መቶ ብር ነበር፤ አዲስ አበባ የቀረው ቀብዳችን የዚህ ሦስት እጥፍ ነው። ድምፁን በፍላሽ ገልብጠው የሰጡን ደግሞ ሳንጠይቃቸው ነው። ስለዚህ እባካችሁ ካሴታችሁን ይዛችሁ ወደ እርሳቸው ሂዱ፤ ቤት ውስጥ በተገኘ ቴፕ ለማጫወት አትሞክሩ፣ ለማንም ጎታች እጅም አትስጡ። እሑድና በዓል አይከፍቱም እንጂ በሌላው ቀን ከጠዋት ጀምሮ አይጠፉም።

ለተዝካሩ ስንጠራቸው መጥተው ከኋላ በኩል፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ተቀመጡ። ካሴቱ በድምፅ ማጉያ ሲሰማ ካህናቱም እድምተኛውም እየሳቀ እያለ፣ እርሳቸው ጠላቸውን እንደ ያዙ ወደ እኔ ጠቀሱኝና «እስኪ ያችን የጨረቃዋን መልሻት» አሉኝ።