በክንድ የሚሸጥ ጨርቅ ስትገዙ ክንዱ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ

በእጅ የተሸመነ ጨርቅ በክንድ እያስለካችሁ የምትገዙ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ለመጋረጃ የሚሆን የጥጥ ጨርቅ ፈልጌ አንድ የሸማ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ዋጋው በክንድ 200 ብር መሆኑን ሲነግረኝ፣ እኔ የምፈልገው 10 ሜትር እንደሆነ ገለጽሁለት፤ እርሱም «አታስብ ወንድሜ፣ ሁለት ክንድ ያው አንድ ሜትር ነው» አለና 20 ክንድ ለክቶ፣ አጣጥፎ፣ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። 4,000 ብር ከፍዬ ቤቴ ከገባሁ በኋላ በልብስ ሰፊ ሜትር ብለካው ጨርቁ 8 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ሜትር በ400 ብር የገዛሁ ሲመስለኝ ለካስ 465 ብር ገደማ ከፍያለሁ።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው በቆጠራው አላጭበረበረኝም፤ ሃያውንም ክንድ የቆጠረው ዓይኔ እያየ ነው። ጥፋቱ «ሁለት ክንድ አንድ ሜትር ነው» ባለው ቃል ላይ ነው። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት በመሆኑ እንደ ለኪው ቁመና ይለያያል፤ የአብዛኛው አዋቂ ሰው ክንድ ከ42 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ክንድ አንድ ሜትር የሚሞላው ረጅም ሰው ሲለካ ነው፤ ረጅም ክንድ ያለው ሻጭ ደግሞ እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። የጥንት ግብፆች ይህን ችግር ስለሚያውቁ 28 ጣት፣ ማለትም 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን የንጉሥ ክንድ በዘንግ ላይ ቀርጸው በዚያ ይለኩ ነበር።

በክንድ መለካት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ሸማኔው የአንዱን ጋቢ ድር ሲያዘጋጅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚለካው በራሱ ክንድ ስለሆነ፣ ክንዱ ቢያጥርም ቢረዝምም ሥራው አይዛነፍም። ከብት የሚታሰርበትን ገመድ ወይም ወለል ላይ የሚነጠፈውን ሰሌን በክንድ፣ ከዚያ የሚያንሰውን በስንዝርና በጋት የሚለካ ሰውም የሚለካው ለራሱ ነውና ማንንም አይጎዳም። ችግሩ የሚጀምረው ለኪው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሲሆን ነው።

በተለይ የሻጩን እጅ በደንብ ተመልከቱ። ጨርቁን የሚይዘው በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ቆንጥጦ በመሆኑ ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው የመሃል ጣቱ ጫፍ ሳይቆጠር ይቀራል፤ በእያንዳንዱ ክንድ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢቀር በ20 ክንድ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ሲወጥሩት ስለሚሳብ፣ ሲለቁት ደግሞ ስለሚሰበሰብ፣ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ሳይወጠር ተዘርግቶ እንዲለካ ጠይቁ። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት እንደሚያጥርም አትርሱ።

በማግስቱ ጨርቁን ይዤ ተመልሼ ነበር። ባለሱቁ ክንዱን ከክንዴ ጎን ዘርግቶ «ታዲያ ምን ላድርግ፣ እግዜር የሰጠኝ ይህንኑ ነው» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ ደረሰኜ ላይ የተጻፈው «20 ክንድ» የሚል ብቻ ስለነበር ሜትር እንደተባልሁ የማስረዳበት ነገር በእጄ አልነበረም። ስለዚህ በክንድም ብትስማሙ ርዝመቱ በሜትር ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ አትክፈሉ።

ሜትር ይዞ መሄድ ከሁሉም ይሻላል። ካልያዛችሁ ግን የራሳችሁን ክንድ ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ ለክታችሁ ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙ። የእኔ 47 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እንግዲህ 10 ሜትር ስፈልግ በራሴ ክንድ 21 ጊዜ ለክቼ፣ የቀረውን 13 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ጋት ተኩል ያህል፣ አስጨምራለሁ።