ሁለት ሰነድ በአንድ ጠረጴዛ፦ የታወቀ የንግድ ስም ከመከራየትዎ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካፌ ያላቸው አንድ እናት ሰባት ገጽ ውል በፌስታል ጠቅልለው ቢሮዬ ገቡ። የጠቀለሉት ከጅማ ዝናብ ለማዳን ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን የገዛ ካፌያቸውን አዲስ አበባ ውስጥ በገነነ ካፌ ስም ሊያስጠሩት ተስማምተዋል። «ልጄ፣ ሰኞ ፊርማ ነው፤ ሂሳቡን ብቻ እይልኝ» አሉኝ። ወረቀቱን ስገልጥ በእርሳስ የተከበበ አንድ ቁጥር አገኘሁ፤ የመግቢያ ክፍያው። የቀሩትን ገጾች እርሳስ አልነካቸውም።

ያን ምሽት ውላቸውን ብዙ ቅርንጫፍ ካለው አንድ የአሜሪካ ምግብ ቤት የመረጃ ሰነድ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩት። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው የንግድ ስም፣ ምልክትና አሠራር ለተወሰነ ዘመን እየከፈሉ መጠቀም። ፍራንቻይዝ የሚባለው ይህ ነው። «ገዛሁ» ይባላል እንጂ ነገሩ ኪራይ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ስሙ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ውል ሲያነጻጽሩ ከመግቢያው ዋጋ ይልቅ መውጫውን ያነጻጽሩ እላለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወፍራሙና ቀጭኑ

የአሜሪካው ሰነድ ወፍራም የሆነው ሻጩ፣ ማለትም የስሙ ባለቤት፣ ቸር ስለሆነ አይደለም፤ ሕግ አስገድዶት ነው። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ (እንደ ጎርጎርዮሳዊያን አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ የሚሠራ፣ በ2007 የተሻሻለ) ሻጩ 23 ርዕሶች ያሉት ሰነድ ገዢው ከመፈረሙ ወይም ማንኛውንም ገንዘብ ከመክፈሉ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ እንዲሰጥ ያዛል። ፈረንሳይ 20 ቀን ትሰጣለች። ደቡብ አፍሪካ 14 ቀን ትሰጥና ከፊርማ በኋላም ገዢው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲተው ትፈቅዳለች። ደንበኛዬ የነበራቸው ከዓርብ እስከ ሰኞ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የአሜሪካው ደንብ የሚሠራው እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለሚከፈት ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ስም ይዞ ጅማ የሚመጣ ሻጭ ይህን ሰነድ እንዲያቀርብ ደንቡ አያስገድደውም። ሁለተኛ፣ በሰነዱ ውስጥ ያለውን መረጃ የትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዳላረጋገጠው ሽፋኑ ላይ ተገልጿል። ውፍረቱ የእውነተኛነት ማስረጃ አይደለም።

በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ሰነድ አስቀድሞ መስጠት የተለመደ አይደለም፤ የሚመጣው ውሉ ራሱ ነው። ውሉ ደግሞ ከባድ ነገር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና ይናገራል። ሻጩ «አምራችነታችንን አሳድገን ቅናሽ እናደርግልሻለን» ብሎ በቃል የተናገረው ነገር በወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ነገ የሚሟገቱት ወረቀቱን ይዘው ነው። ማታለልን የሚመለከት አንቀጽ 1704 አለ፤ ሆኖም ተታለልኩ የሚል ሰው ማታለሉን ማስረዳት አለበት፣ ውሉን ለማፍረስም አንቀጽ 1810 የሁለት ዓመት ገደብ አስቀምጧል።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። የካሊፎርኒያና የዊስኮንሲን ግዛቶች እነዚህን ሰነዶች በድረ ገጻቸው በነጻ ያስነብባሉ፤ አንዱን አወረድኩና የወፍራሙን ጥያቄዎች ቀጭኑን ጠየቅሁት።

ገንዘቡ

በወፍራሙ ሰነድ ርዕስ 5 የመግቢያ ክፍያን፣ ርዕስ 6 ከዚያ በኋላ የሚከፈለውን ሁሉ፣ ርዕስ 7 ቤቱን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ጠቅላላ ገንዘብ በሠንጠረዥ ያሳያል፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መንቀሳቀሻ የሚሆነውን ጨምሮ። የቀጭኑ ውል የመግቢያውን በደማቅ ፊደል ጽፎ፣ ወርኃዊውን «ከጠቅላላ ሽያጭ 6 በመቶ፣ ለማስታወቂያ 2 በመቶ» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል።

ይህን መስመር ከደንበኛዬ ጋር ቁጭ ብለን በወረቀት ሠራነው። ከ100 ብር ሽያጭ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝ፣ ወተት፣ ስኳርና መብራት ተከፍሎ ለምሳሌ 12 ብር ይተርፍ ነበር እንበል። ከሽያጭ ላይ 8 ብር ሲወጣ 4 ብር ይቀራል። ክፍያው የሚቆረጠው ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ ስላልሆነ በከሰሩበት ወርም ይከፈላል። ኪራይና ደመወዝ ከሽያጩ እኩል ስለማያድጉ ገበያው ሲደምቅ ከእያንዳንዱ 100 ብር የሚተርፈው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያም ሆኖ ስሙ ብዙ አዲስ ሰው ካላመጣ የቀድሞው ትርፍ አይመለስም።

«ጠቅላላ ሽያጭ» የሚለው ቃልም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ደንበኛው 115 ብር ሲከፍል 15ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ውሉ ይህን ካልለየ 6 በመቶው ከ115 ይሰላና 6 ብር የነበረው 6 ብር ከ90 ሳንቲም ይሆናል። በዓመት 4 ሚሊዮን ብር ለሚሸጥ ቤት ልዩነቱ 36 ሺህ ብር ነው። «ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት» የሚሉ አራት ቃላት ያድኑታል።

ክፍያው በውጭ ገንዘብ ከሆነ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሽያጭዎ በብር፣ ዕዳዎ በዶላር ከሆነ የምንዛሪው ሸክም በሙሉ የእርስዎ ነው።

«በወር ይህን ያህል ይተርፍሻል» የሚለውን ንግግርም እንየው። በአሜሪካው ሰነድ ሻጩ ስለ ገቢ ቁጥር መናገር ከፈለገ በርዕስ 19 መሠረቱን ገልጾ መጻፍ አለበት፤ ካልጻፈ በአፉም መናገር አይፈቀድለትም። ለደንበኛዬ ቁጥሩ የተነገራቸው በስልክ ነው። ትርፉን የነገረዎት ሰው በደብዳቤ፣ ከየትኛው ቅርንጫፍ የየትኛው ዓመት ሂሳብ እንደሆነ ገልጾ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁት። የማይጽፈውን ቁጥር ከሂሳብዎ ያውጡት።

ዕቃው

ቀጭኑ ውል የተቆላ ቡና፣ ብርጭቆ፣ ናፕኪንና የሠራተኛ ልብስ ሁሉ ከስሙ ባለቤት ብቻ እንዲገዛ ያዛል፤ ዋጋው ግን የለም። እንግዲህ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ካሉት ከሊሙ ወይም ከጎማ የተነሣ ቡና አዲስ አበባ ሄዶ ተቆልቶ፣ በወልቂጤና በጊቤ ሸለቆ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ፣ መጓጓዣው በጅማ ነጋዴ ሂሳብ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ ልቤን አሳመመው። የስሙ ባለቤት ጣዕሙ በሁሉም ቤት አንድ እንዲሆን መፈለጉ ተገቢ ነው። ግን ጥራትን በዝርዝር መስፈርት መጠበቅና ዕቃን በግድ መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካው ሰነድ በርዕስ 8 ሻጩ ከዚህ ግዴታ ግዢ ራሱ የሚያገኘውን ገቢ እንዲገልጽ ያስገድደዋል። እርስዎም ይጠይቁ፤ የዋጋ ዝርዝሩ ከውሉ ጋር ይያያዝ፣ ዋጋ ሲጨምር ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገርዎት ይጻፍ።

የእርስዎ ገበያ እስከ የት ነው?

በአሜሪካው ሰነድ ርዕስ 12 ላይ፣ ለብቻ የሚሰጥ ክልል ከሌለ ይህ በግልጽ ቃል ተጽፎ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የደንበኛዬ ውል «በጅማ መርካቶ አካባቢ» ይላል። አካባቢ የሚለው ቃል እስከ የት ይደርሳል? የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ቢከፈት ውሉ አይከለክልም። ተማሪውንም የመንግሥት ሠራተኛውንም ያ ቤት ይወስዳል። «ጅማ ከተማ አስተዳደር ክልል ውስጥ፣ በውሉ ዘመን ሁሉ» ተብሎ ካልተጻፈ የመግቢያውን ክፍያ ከጎረቤት ጋር እንደተካፈሉ ይቁጠሩት።

መውጫው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ወፍራሙን ሰነድ ከሚያነቡት ሰዎች ብዙዎቹ ከፊት ይጀምራሉ፤ እኔ በርዕስ 20 እንዲጀምሩ እመክራለሁ። እዚያ ላይ ያለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ቅርንጫፍ ተከፈተ፣ ስንት ተዘጋ፣ ስንቱ ውሉ ተቋረጠበት፣ ስንቱ ለሌላ ተላለፈ የሚለው በሠንጠረዥ ተቀምጧል። በመጨረሻው የሂሳብ ዓመት የለቀቁ ሰዎች አድራሻም አለ። ስለ ቤቱ እውነቱን የሚነግርዎት የለቀቀ ሰው ነው። ቀጭኑ ውል ይህ ስለሌለው ደንበኛዬ የስሙን ባለቤት «ከእናንተ ጋር ሠርቶ የተወ ሰው አገናኙኝ» ብለው እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። መልሱ ቢዘገይም ዝምታውም መልስ ነው።

ቀጥሎ ዘመኑን ያስተያዩ። የእሳቸው ውል 10 ዓመት ነው፤ የካፌው ቤት ኪራይ ግን በየዓመቱ ይታደሳል። አከራዩ በሦስተኛው ዓመት ቢያስለቅቃቸው የስሙ ክፍያ ይቆማል? ውሉ ዝም ብሏል። በሌላ በኩል፣ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት አንድ የንግድ ምልክት የሚጸናው ለ7 ዓመት ሆኖ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። የ10 ዓመት ውል የሚሸጥልዎት ሰው ምልክቱ በእሱ ስም ተመዝግቦ እንደሆነ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያጣሩ፤ የማሳደስ ግዴታውም በውሉ ይግባ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ስድስተኛው ገጽ ነው፦ «ተዋዋይዋ ውሉ በማናቸውም ምክንያት ካበቃ በኋላ ለሁለት ዓመት በጅማ ዞን ተመሳሳይ ሥራ አትሠራም።» በማናቸውም ምክንያት! ጥፋቱ የስሙ ባለቤት ቢሆንም ማለት ነው። ሌላ ሙያ የሌላቸው፣ ልጆቻቸውን በዚህ ሥራ ያስተማሩ እናት ስሙን መልሰው ሲወጡ ስማቸውንም ሥራቸውንም ያጣሉ። የአሜሪካው ሰነድም ተመሳሳይ ክልከላ አለው፤ ነገር ግን በርዕስ 17 ሠንጠረዥ ላይ ከማቋረጥ፣ ከማደስ፣ ከማስተላለፍና ከሞት በኋላ ከሚሆነው ጋር ተደርድሮ ገዢው በአንድ እይታ ያየዋል። በእኛው ውል ስለ ወራሾች አንድ ቃል የለም።

ዋስትናውም አለ። ለዕዳቸው ወንድማቸው ዋስ እንዲሆኑ ተጠይቋል፤ የገንዘቡ ልክ ግን ክፍት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋስትና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበት እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህን ለወንድምየው ስነግራቸው ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

የውጭ ስም ከሆነ ክርክሩ የት እንደሚታይ ያንብቡ። ውሉ «ክርክሩ ውጭ አገር በግልግል (ከፍርድ ቤት ውጭ በተመረጡ ዳኞች) ይታያል» የሚል ከሆነ «እዚያ ማን ይደርሳል» ብለው አይተዉት፤ ኢትዮጵያ የውጭ የግልግል ውሳኔዎችን የሚያስፈጽመውን የኒውዮርክ ስምምነት በ2012 ስለተቀበለች ውሳኔው እዚህ ሊፈጸም ይችላል።

የትኛው ለማን?

በቂ ገንዘብ ያለው፣ በዘርፉ ልምድ የሌለውና አሠራር ተምሮ መጀመር የሚፈልግ ሰው ሥልጠናና ክትትል የተጻፈበትን ሙሉ ፍራንቻይዝ ቢመርጥ ይገባኛል። ገበያ ያለውና ሙያውን የሚያውቅ ነጋዴ ግን ቀጭን የስም ኪራይ ከመፈረም ይልቅ አከፋፋይ ሆኖ ዕቃውን ብቻ ቢሸጥ፣ ወይም ያንኑ የመግቢያ ክፍያ በገዛ ቤቱ እድሳትና በራሱ ምልክት ምዝገባ ላይ ቢያውል የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። አከፋፋይነት ክፍያው ትንሽ ነው፤ ስምዎም ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ደንበኛዬ ሰኞ አልፈረሙም። አራት ጥያቄ ጽፈው ላኩ፦ ታክሱ እንዲለይ፣ ክልሉ ጅማ ከተማ እንዲባል፣ የዕቃ ዋጋ እንዲያያዝ፣ የሁለት ዓመቱ ክልከላ እንዲነሣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት እሺ ያለ ደብዳቤ መጣ። አራተኛውን አልተቀበሉም። ውሉ አሁንም በፌስታሉ እንደተጠቀለለ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ እሳቸውም የካፌያቸውን ግድግዳ ቀለም አስቀብተው የድሮውን ስም ከበሩ በላይ በአዲስ ፊደል አስጽፈዋል።