ታይዋን ሰራሽ ኮይሎቨር ከ8 ኬ ሞላ ወርዶ 5 እና 7 ሲሆን

መኪናዋ የ2013 ሳየን ኤፍአር-ኤስ ናት፣ ያው ከቶዮታ 86 ጋር አንድ ነች። ስገዛት ኮይሎቨር (ሾክና ሞላ አንድ ላይ ሆኖ ከፍታው የሚስተካከል) ታስሮላት ነው የመጣችው፣ ታይዋን ሰራሽ፣ 30 ክሊክ (የሾኩ ማጥበቂያና ማላያ ደረጃ) ያለው፣ አዲሱ ሺህ ዶላር ምናምን የሚሸጠው አይነት። የድሮው ባለቤት ፊትም ኋላም 8 ኬ ሞላ አስገብቶባታል፣ ማለትም ሞላው አንድ ሚሊሜትር እንዲጨመቅ 8 ኪሎ ይፈልጋል። ለትራክ ይሄድ ይሆናል፣ እኔ ግን በየቀኑ ከአሌክሳንድሪያ ዲሲ ነው ምነዳት፣ ዊንተር ሲወጣ የ395 ሃይዌይ ጉድጓድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እማዬ ከአዲስ መጥታ ይዣት ስወጣ ድልድዩ መጋጠሚያ ላይ ጓ ባለ ቁጥር የበሩን እጀታ ጨብጣ "አንተ ልጅ፣ ሞላ የሌለውን ነው እንዴ የሸጡልህ?" አለችኝ። አለው እኮ፣ በዝቶ ነው እንጂ።

ሾኩ አይፈስም፣ ክሊኩም ይሰራል፣ ስለዚ ኮይሎቨሩን አልጣልኩትም፣ ሞላውን ብቻ ቀየርኩ። ፊት 5፣ ኋላ 7። ይሄን ስናገር ሁሉም "ኋላዋ አይደርቅም ወይ" ይለኛል፣ አይደርቅም፣ ምክንያቱም ሞላው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሌላ ነው ጎማው ጋር የሚደርሰው ሌላ ነው። ፊት ማክፈርሰን (ሾኩ ራሱ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝበት አሰራር) ስለሆነ ጎማው ሲነሳ ሞላውም ያንኑ ያህል ነው የሚጨመቀው ማለት ይቻላል፣ ኋላ ግን ሞላው ክንዱ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለተቀመጠ ጎማው 10 ሚሊ ቢነሳ ሞላው 7 ተኩል ገደማ ነው የሚጨመቀው፣ ያ 0.75 ደግሞ ጉዞውንም ኃይሉንም ስለሚቀንስ በራሱ ሲባዛ 0.56 ይመጣል። በቃ ኋላ ያለው 8 ኬ ጎማው ጋር 4.5 ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ ፊት ያለው 8 ግን 7 አካባቢ ይቀራል። ፋብሪካውም ቢሆን የኋላውን ሞላ ከፊቱ አጠንክሮ ነው የሚያወጣት።

ቀጥሎ ክብደቱን አስገብተህ መኪናዋ በሰከንድ ስንቴ እንደምትነጥር ታሰላለህ፣ ተራ የቤት መኪና ከ1 እስከ 1.5 ኸርዝ ነው፣ ስፖርት ቢጤ ሆና በመንገድ የምትነዳ እስከ 2 ድረስ ትሄዳለች፣ ከዛ በላይ የትራክ ነው። የኔዋ በ8 እና 8 ፊቷ 2.4፣ ኋላዋ 2 አካባቢ ነበር። መድረቁ ሳያንስ የተገለበጠ ነው፣ ምክንያቱም ጉብታውን ቀድሞ የሚመታው ፊቱ ስለሆነ ኋላው ትንሽ ፈጠን ብሎ ካልደረሰበት መኪናው አፍንጫውን እያነሳ እያወረደ ይሄዳል። ይሄን ሞሪስ ኦሊ የሚባል የጄኔራል ሞተርስ ኢንጂነር በ1930ዎቹ ነው የሰራው፣ አዲስ ነገር አይደለም። አሁን በ5 እና 7 ሁለቱም 1.9 ገደማ ሆኑ፣ ኋላዋ በጣም ትንሽ ትበልጣለች፣ እና ሃይዌይ ላይ ያ የሚያስነቀንቅ ነገር ጠፋ።

የገባው የጃፓን ስዊፍት ሞላ ነው። ስታዙ የሞላውን የውስጥ ስፋት ለኩ፣ 60 አለ፣ 65 አለ፣ 2.5 ኢንችም አለ እሱ 63.5 ሚሊ ነው፣ "ከ65 ጋር ምን ልዩነት አለው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ክሊኩን በተመለከተ፣ አንዷ ቁልፍ ሁለቱንም አቅጣጫ ነው የምትቆጣጠረው፣ ሲጨመቅም ሲመለስም፣ ግን ይበልጥ የሚሰማው ሲመለስ ነው። ሞላው ከለሰለሰ ክሊኩም መላላት አለበት፣ አለዚያ ሾኩ ሞላውን ቶሎ እንዳይመለስ ይይዘውና ተከታታይ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ደረጃ በደረጃ እየሰመጠች ትሄዳለች፣ ሰው ግን "ሞላው ደረቀ" ብሎ ሞላ ሊቀይር ይነሳል። እስከ መጨረሻ አጥብቄ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ፊት 20፣ ኋላ 18 ላይ ነው የተውኩት። ከጉብታ በኋላ አንዴ ተነስታ ቁጭ ካለች በቂ ነው፣ ከተንሳፈፈች ሁለት ክሊክ አጥብቅ፣ ትንንሹ ስንጥቅ ሁሉ እጅህ ላይ ከመጣ አላላ። ግን በ8 ኬ ጊዜ ክሊኩን እስከ መጨረሻ አላልቼውም መኪናዋ እንደ ኳስ ነበር የምትነጥረው፣ የሞላን ነገር ክሊክ አያስተካክለውም።

ከፍታ ላይ ልጆቹ አይሰሙኝም፣ ጎማና ፓራፋንጎ መሀል ጣት ካልገባ ነው ደስ የሚላቸው። የፊቱ የታችኛው ክንድ ቢያንስ አግድም ይሁን፣ ጎማው ጋ ያለው ጫፉ ወደ ላይ ከዞረ መኪናዋ ዝቅ ብላም ኩርባ ላይ ይበልጥ ትጋደማለች፣ ሾኩም የሚጓዝበት ቦታ ስለሚያጣ ሾኩ መጨረሻ ላይ እንዳይጋጭ የሚይዘው ማቆሚያ ላስቲክ ላይ እየተቀመጥክ ነው የምትሄደው። እኔ ከፋብሪካው 25 ሚሊ ነው ያወረድኳት። ፕሪሎድ (መኪናው ሳይጫንበት ሞላውን በቀለበቱ ቀድሞ መጭመቅ) ማጥበቅ ደግሞ ሞላ አያጠነክርም፣ 5 ኬ ሞላ የፈለከውን ያህል ብታጠብቀው 5 ኬ ነው። የክንዶቹን ቡሎን መኪናዋ በጎማዋ ስትቆም ነው ማጥበቅ፣ ክሪክ ላይ ሆና ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይበጠሳል። ከዛ አላይመንት፣ ይሄ አማራጭ የለውም።

የማልወድለት ነገር አለ። የመንገዱ ጨው የኮይሎቨሩን ጥርስ ይበላዋል፣ ዊንተር ሳይገባ ካላጸዳችሁትና ካልቀባችሁት ከፍታ ማስተካከል ቀርቶ ቀለበቱን መፍታት ራሱ መከራ ነው። የላይኛው ማሰሪያ ደግሞ ጎማ ሳይሆን ብረት ስለሆነ ብርድ ሲሆን ቋ ቋ ይላል፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሰው ዞሮ ያያል። ክሊክ ማስተካከል ለማያምረው ሰው ቢልስታይን ቢ14 ይሻለዋል፣ ከፍታ ብቻ ነው የሚስተካከለው፣ የቀረውን ፋብሪካው ጨርሶታል። ገንዘብ ያለው ኬደብሊው ቪ3 ይግዛ፣ እሱ መጨመቁንና መመለሱን ለየብቻ ያስተካክላል።

አዲስ ያላችሁ ደግሞ ለቪትዝ ላክልን የምትሉኝ፣ አልክም። በኮብልስቶን፣ በዛ ብሬከር፣ አምስት ሰው ጭናችሁ፣ ዝቅ ያለ መኪና ምን ሊያደርግላችሁ ነው? ኦሪጅናል ሾክ አራቱንም ቀይሩ፣ ጎሚኒዎቹንም አብራችሁ፣ ከተረፋችሁ ጥሩ ጎማ ግዙበት።