ጥርሴን ሳይነኩ መንጋጭላዬን ለመረመሩልኝ ዶክተር

እቁብ ሲወጣልኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጥርሴ ነበር። ሰው በእቁብ ፍሪጅ ይገዛል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ይከፍላል። እኔ ደግሞ "በቃ፣ ከእንግዲህ አፌን ሳልሸፍን ነው የምስቀው" አልኩ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ገና ብሩን ሳልቀበል ይቀልዱብኝ ጀመር።

ጥርሴ ቡናማ ነው። ያደግኩት ወንጂ ነው፤ አባቴ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ በያጅ ነበር። የወንጂ፣ የመተሐራ ወይም የዝዋይ ልጅ የሆነ ሰው ቀሪውን ሳልነግረው ያውቀዋል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የኛ የድሮ ጉድጓዶች ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያልፉ ነበር። ፍሎራይዱ ጥርሱን የሚያገኘው ገና ድድ ውስጥ ሆኖ እየተሠራ ሳለ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሆኖ ወንጂ የገባ ሰው ጥርሱ አይቀየርም። እዚያው የተወለድን ልጆች ግን ቡናማው አብሮን ያድጋል። በመፋቂያ ብትፈገፍጉት አይለቅም፤ በከሰል ብትፈትጉት አይለቅም። ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ክሊኒክ ስም አልጠራም። ሶፋው ቆንጆ ነው፣ ቡና ያቀርባሉ። ወንበሩ ላይ አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። "ከላይ 10 ጥርስ ቬኒር እንሠራልሻለን፣ በሁለት ቀጠሮ ያልቃል" አሉኝና የነጭነት ደረጃ የምመርጥበት ካርድ ሰጡኝ። ቬኒር ማለት ጥርሱ ፊት ለፊት ተሞርዶ የሚለጠፍበት ስስ የፖርሲሊን ሽፋን ነው። እኔም ሠርግ ቤት መጋረጃ እንደሚመርጥ ሰው ነጩን ከነጩ ሳማርጥ ቆየሁ። ከዚያ ቀብድ ክፈዪ ተባልኩ። ያን ቀን ያልከፈልኩት ብልህ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የኤቲኤም ካርዴን ቤት ረስቼው ነው።

ማታ ለታናሽ እህቴ ነገርኳት። አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። "እኔ የምልሽ፣ ያንን ሌሊት የምታንኮሻኩሺውን ነገር ነግረሻቸዋል?" አለችኝ። የምን ማንኮሻኮሽ? "ጠጠር የምትቆረጥሚ ነው የሚመስለው። ስንት ጊዜ በትራስ መትቼሻለሁ እኮ!" በትራስ እንደምትመታኝ አውቃለሁ፤ ስለማንኮራፋ ነበር የሚመስለኝ። በማግስቱ እሷ ጥርስ ያስነቀለችበት ቦታ ይዛኝ ሄደች። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለእዚያ ዶክተር ነው።

ክሊኒኩ ከብሔራዊ ቲያትር ወደ ለገሃር ሲኬድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። "ሥራዬን ሠርቼ ተከፍሎኛል፣ ምስጋናው ምን ያደርግልኛል" አሉኝ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳልኩ አፌን የምከፍት መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ይጠይቁኝ ጀመር። ጠዋት ስትነሺ ራስ ምታት አለሽ? ቁርጥ ስትበዪ ወይም ቆሎ ስትቆረጥሚ መንጋጭላሽ ይደክማል? አፍሽን ከፍተሽ አልዘጋ ብሎሽ ያውቃል? ጆሮሽን አሞሽ ሐኪም "ጆሮሽ ደህና ነው" ብሎሽ ያውቃል? የመጨረሻው ላይ ደነገጥኩ። ሁለት ጊዜ ጆሮ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፣ ሁለቱም ጊዜ ደህና ነው ተብዬ ተመልሻለሁ።

"ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለቀለሙ ነው" አልኳቸው፤ ትዕግሥቴ አለቀ።

"አውቃለሁ የኔ እህት" አሉኝ። "ጣሪያው ሳይታይ ኮርኒስ ይቀባል እንዴ?"

ከዚያ ጣቶቻቸውን ከሁለቱ ጆሮዎቼ ፊት አደረጉና "ቀስ ብለሽ ክፈቺ፣ ዝጊ" አሉኝ። እናንተም አሁን እዚያው ሆናችሁ ሞክሩት። ከጆሮ ፊት፣ አፍ ሲከፈት የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። የመንጋጭላ መገጣጠሚያ እሱ ነው። በአጥንቶቹ መሐል እንደ ትራስ የምታገለግል ትንሽ ዲስክ አለች። የእኔዋ በግራ በኩል ከቦታዋ ሸርተት ትልና አፌን ስከፍት ትመለሳለች። ስትመለስ ቀጭ ትላለች። ድምፁን ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚል ነበር የሚመስለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። ቀጭ ማለት ብቻውን በሽታ አይደለም። ብዙ ሰው ቀጭ ይላል፤ ካላመመውና አፉ እንደልቡ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምና አይፈልግም። ይሄንን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የእኔን የለየው ሕመሙ ነው። ጉንጬ ላይ ያለውን ትልቁን የማኘኪያ ጡንቻ ጫን ሲያደርጉት ከወንበሩ ልነሳ ነበር። ከቅንድቤ ጎን፣ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ ያለውንም ጫኑት፤ ያ ራስ ምታቴ እሱው ራሱ መጣ።

በትንሽ ማስመሪያ የአፌን አከፋፈት ለኩ። 36 ሚሊ ሜትር። አብዛኛው አዋቂ ከ40 በላይ ይከፍታል። በቤት ውስጥ መለኪያው ሦስት ጣት ነው። የራስን ሦስት ጣት አስተካክሎ በላይና በታች የፊት ጥርስ መሐል ማስገባት። እኔ ሁለት ተኩል ላይ ቆምኩ። ስከፍት ደግሞ አገጬ ወደ ግራ ይሄዳል። መስታወት ሰጥተው አሳዩኝ። በየቀኑ ሊፕስቲክ የምቀባው በዚሁ ፊት ነው፤ አንድም ቀን አላየሁትም!

አፌን ያዩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የምላሴ ዳር የጥርስ ምልክት ታትሞበታል። ጉንጬ ውስጥ ነጭ መስመር አለ። የውሻ ጥርሶቼ ጫፍ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ሰማያዊ ወረቀት አስነከሱኝና ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት ፍጪ አሉኝ። ወረቀቱ የላይና የታች ጥርስ የት የት እንደሚገናኝ ያትማል። ከፊት ጥርሶቼ ሁለቱ ላይ ቀለሙ ደመቅ ብሎ ወጣ። አገጬን ወደ ፊት ስገፋ የታች ጥርሶቼ የሚንሸራተቱት በእነዚያ ላይ ነው ማለት ነው። ልክም ወሰዱ፤ የጥርሴ ቅርጽ በጄሶ ተሠርቶ መጣ። የገዛ አፌን እጄ ላይ ይዤ ሳየው ትንሽ አስጠላኝ።

ነገሩ የገባኝ ጄሶውን እያሳዩ ሲያስረዱኝ ነው። ቬኒር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥርሱ ላይ ከተጣበቀ ጠንካራ ነው። ጫፉ ግን ሌሊት ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው አፍ ውስጥ ሊሸረፍ ይችላል። ለማሳመር ተብሎ ጥርሱ ትንሽ ረዘም ከተደረገ ደግሞ የታችኛው ጥርስ የሚንሸራተትበት መንገድ ይቀየራል። በደህና ሰው ላይ ይሄ ታስቦበት ይሠራል። መገጣጠሚያው እያመመው ያለ ሰው ላይ ግን የትኛው ሕመም ከየት እንደመጣ መለየት ይከብዳል። ከሁሉም የከበደኝ ስለ ኢናሜል የነገሩኝ ነው። ኢናሜል የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ልባስ ነው። አንዴ ከተሞረደ ተመልሶ አይበቅልም። 10 ጥርስ አስሞርጄ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን ሽፋን ስቀይር እኖር ነበር።

"ታዲያ አነካከሴን ሞርደው ያስተካክሉልኝ" አልኩ። ሳቁ። ሕመሙን ሁሉ አነካከስ ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም አሉኝ። ጭንቀትም አለ፣ እንቅልፍም አለ፣ ልማድም አለ። መጀመሪያ የሚሞከረው መመለስ የሚቻለው ሕክምና ነው፤ የተሞረደ አይመለስም። ገንዘብ በእጇ ይዛ ለመጣች ሴት "አይሆንም" ያለ የጥርስ ሐኪም ስታዩ ምን እንደሚሰማችሁ አላውቅም። እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው።

የሰጡኝ ሥራ ቀላል ነው ግን ያሰለቻል። ለተወሰኑ ሳምንታት ለስላሳ ምግብ። ማስቲካ የለም። ቆሎም የለም፤ ጾም ላይ ስለነበርን ይሄኛው ከበደኝ። ሸንኮራ በጥርስ መላጥ ለዘለዓለም ክልክል። ወንጂ ላደገ ሰው ይሄ ፍርድ ነው! ጉንጬ ላይ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ። ስልክ በትከሻና በጉንጭ መሐል ይዞ ማውራት ይቅር፤ የደንበኞች መስኮት ላይ ስሠራ ቀኑን ሙሉ የማደርገው እሱን ነበር። አገጭን በእጅ ተደግፎ መቀመጥም ይቅር።

ደግሞ አንድ ልምምድ አለ። ከንፈር ይዘጋል፣ ጥርስ ከጥርስ ይራራቃል። ሳንበላና ሳንውጥ የላይና የታች ጥርስ መነካካት የለበትም። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ለጠፍኩ። ወረቀቱን ባየሁት ቁጥር ጥርሴ ተነካክሶ አገኘዋለሁ። ደንበኛ ሲጮህብኝ ደግሞ ይብሳል። እኛ አገር "ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው" ይባላል አይደል፣ እኔ ቃሉን በቃሉ ነበር የወሰድኩት።

ለሌሊት በልኬ የተሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ መከላከያ፣ ናይት ጋርድ የሚባለውን አሠሩልኝ። ማፋጨቱን አያቆመውም፤ ጥርሱን ከመበላት ያድነዋል። የመጀመሪያው ሳምንት አፌ በምራቅ እየተሞላ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ሌሊት አውጥቼ ወርውሬው ጠዋት አልጋ ሥር አገኘሁት። ወስጄ ሳሳያቸው ሁለት ቦታ ሞረድ ሞረድ አደረጉልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ለመድኩት።

ከሦስት ወር በኋላ ማስመሪያው 42 አለ። የጠዋቱ ራስ ምታት ከስንት አንዴ ካልሆነ ጠፍቷል። ቀጭታው አሁንም አለ። ይኑር፣ ካላመመሽ ተይው ብለውኛል።

ቀለሙ የተነካው ከዚህ በኋላ ነው። ቬኒር አልሠሩልኝም። ላዩን በቀላል አሲድና በደቃቅ ዱቄት ፈተግ አድርገው ስስ የሆነውን ቡናማ አነሱ፣ ቀጥለው ማንጫ ተጠቀሙ። ጠልቆ የቀረባቸውን ሁለት ጥርሶች ኮምፖዚት በሚባለው የጥርስ ቀለም ባለው መሙያ ሸፈኑልኝ፤ ለነሱም ቢሆን ሰማያዊው ወረቀት እንደገና ወጥቶ ንክሻዬ ታይቷል። እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም። አጠገቤ ሆኖ ያየ ሰው የወንጂ ልጅ መሆኔን ያውቃል። ፍሎራይዱ ጠልቆ የገባበት ሰው ደግሞ ይሄ ላይበቃው ይችላል፤ ቬኒር የሚያስፈልገውም ሰው አለ። እሳቸው ቬኒር አይሠሩም አላልኩም፤ ከእኔ በፊት የገባችው ልጅ ለእሱ ነበር የመጣችው። እሷንም ግን መጀመሪያ ጆሮዋ ፊት ነክተው ነው የጀመሩት፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና "ክፈቺ፣ ዝጊ" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከእቁቡ ከግማሽ በላይ ተረፈኝ። ፍሪጅ ገዛሁበት።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ወረፋው ረጅም ነው፤ አንድ ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ቁጭ ብያለሁ። ዶክተሩ ሰውን አያጣድፉም፣ ዋጋውን የሚከፍለው ውጭ የተቀመጠው ነው። መኪና ማቆሚያ የለም። ሲስተሯ ግን ወርቅ ናት። መከላከያውን በሙቅ ውሃ እንዳላጥበው፣ እንዳይጣመም፣ ሁለት ጊዜ ደውላ ያስታወሰችኝ እሷ ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዶክተር፣ ይሄን እንደማያነቡት አውቃለሁ። ቢሆንም እጅዎ ይባረክ። ከሳምንታት በፊት እህቴ "ሌሊት ጸጥ ስትዪ የሞትሽ መስሎኝ ተነስቼ አየሁሽ" ብላኛለች።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። የድሮ ራጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያፋጭ ሰው እንደሆናችሁ ካላወቃችሁ አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እሳቸው መጠየቃቸው አይቀርም። ጠዋት ቀድማችሁ ድረሱ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱን አትጠብቁት።